ጎማ ጎማ የሚሸተው ዳቦ

የምስክር ቃል

መጠሪያ፦ “መርፌ” (በግጥም ግሩፑ የምትታወቅበት)
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ መጋረጃ ሰፊ
አድራሻ፦ ከገበያው በስተጀርባ፣ ከልብስ ንጽሕና መስጫው በላይ፣ አንደኛ ፎቅ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ጠዋት
ጉዳዩ፦ ቅዳሜ ዕለት የአንድ መኖሪያ ቤት ጓጉንቸር ተቆርጦ አንዲት እናት ከቤት ስለመወሰዳቸው

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ የማውቀውን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድናገር በመርማሪው ስለተጠየቅሁ የሚከተለውን ቃል እሰጣለሁ። በቅድሚያ እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው፣ ጓጉንቸሩ የተቆረጠበት የብረት መጋዝ የእኔ መሆኑን ነው። የመጋረጃ ብረት የምቆርጥበት ነው። ጓጉንቸሩን የቆረጠው ሹፌር ከቅዳሜ ጀምሮ ታስሮ እኔ በክብር ወንበር ተስቦልኝ መቀመጤ አልገባኝም፤ መርማሪው “ወደ ጉዳዩ ግቢ” ስላሉኝ ግን እገባለሁ። ከሳሹ የእናትየው ልጅ መሆኑን፣ ክርክሩም “እናቴ የምትለውን አታውቅም፣ የጻፈችውም ሁሉ ምናብ ነው” የሚል መሆኑን ተነግሮኛል። ይህ ከታመነ ሹፌሩ እንደ ሌባ ይከሰሳል፣ በሩም በእናትየው ላይ እንደገና ይቆለፋል። የመጣሁት ይህ እንዳይሆን ነው፤ አልደብቅም።

“ወንፊት” የተባለ የግጥም ግሩፕ አባል ነኝ። ግሩፑ በስልክ ላይ ያለ ሲሆን፣ አባላቱ መተዳደሪያቸው ሌላ ሆኖ ግጥም የሚጽፉት ለነፍሳቸው ያህል ብቻ ነው። የመሠረቱት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ለነጥብና ለሰረዝ ካላቸው ፍቅር የተነሳ “ጋሼ ነጥብ” እንላቸዋለን። የታሰረው የታክሲ ሹፌር ደግሞ “ፍሬን” ይባላል። ስሙ የወጣለት የጀመረውን ነገር መሀል ላይ ድንገት ስለሚያቆም እንጂ በአነዳዱ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

ግሩፑ ሁለት ደንብ አለው። አንደኛው፣ ሳያመሰግኑ መተቸት የለም። ሁለተኛው፣ “ግጥሙን እንጂ ገጣሚውን አትንኩ” የሚል ነው። የጻፈው ሰው ማን ነው፣ የት ነው የሚኖረው፣ የጻፈው ደርሶበት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ደንቡ የወጣው አንድ አባላችን ስለ ከዳተኛ ሚስት ጽፎ፣ እኛ ተሽቀዳድመን “አይዞህ ወንድማችን” ስንለው፣ ምንም ያላጠፋችው ሚስቱ አንብባው ትዳሩ ሊፈርስ ለጥቂት ስለተረፈ ነው። ደንቡ መልካም ነበር፤ ለዚህ ሁሉ የዳረገንም እሱው ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት “ጀማሪዋ” የሚል ስም ያላት አባል ገባች። ፎቶዋ ጽጌረዳ ነበር። ስሟንና ጽጌረዳዋን አይተን “ይቺ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት” አልን። ጋሼ ነጥብ “ልጄ” ሲሏት እሷ “እሺ ጋሼ” ትላቸው ነበር። እኔም “ጎበዝ ልጅ፣ በርቺ” እላት ነበር። የስድሳ ስምንት ዓመት እናት መሆናቸውን ቅዳሜ በዓይኔ ሳይ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ “እሳቸው” እያልኩ እቀጥላለሁ።

ግጥሞቻቸው በሙሉ ከውጭ ስለሚቆለፍ በር ነበሩ። ጠዋት ይቆለፋል፣ ማታ ይከፈታል። እኛም እንደ ደንባችን አመሰገንን። ፍሬን “ምቱ ልብ ያስደንሳል” አለ፣ ጋሼ ነጥብ “ቤት አመታትሽ ያስቀናል” አሉ። ቀጥሎ ወደ ትችቱ ገባን። እኔ ራሴ “የኔ ቆንጆ፣ በሩ በዛብን፤ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ከዚያ ክፍል ውጪልን” ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። መርማሪው ይህን ሲጽፉ ቀና ብለው አዩኝ። አዎ፣ ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት፤ ይጻፍ። እሳቸውም “እሞክራለሁ፣ አመሰግናለሁ” ብለው መለሱ።

ከዚያ ጋሼ ነጥብ መከሯቸው። “ልጄ፣ በሩን ተዪውና መስኮቱን ሞክሪ። ደግሞ ሰማይ፣ ወፍ፣ ጨረቃ እንዳትዪኝ፤ ቁጭ ብለሽ የሚታይሽን ነገር ጻፊ” አሏቸው። እሳቸው መቼም ምክር አይጥሉም፤ በሳምንቱ የመስኮት ግጥም ይዘው መጡ። በግጥሙ ውስጥ ግማሹ አረንጓዴ ተቀብቶ ግማሹ የቀረ የውሃ ታንከር፣ እንጨት ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጎማና ጎማ ጎማ የሚሸት ዳቦ ነበሩ። ግሩፑ በደስታ አበደ። ጎማ የሚሸት ዳቦ! “ምን ዓይነት ምናብ ነው!” ያላለ የለም። እኔም “እንዲህ ያለ ምናብ ከየት አመጣሽው?” ብዬ ጽፌ አበባ በአበባ አደረግኋቸው።

ዝም ያለው ፍሬን ብቻ ነው። ከግሩፑ በፊትም የምንተዋወቅ ነንና ሐሙስ ዕለት ሱቄ ድረስ መጥቶ “እትዬ መርፌ፣ የምን ምናብ ነው የምትሉት? እኔ ያንን ዳቦ በልቼዋለሁ!” አለኝ። ጎማው በፈነዳ ቁጥር የሚያስጠግንበት ጎሚስታ ከዳቦ ቤት ጋር ግድግዳ እንደሚጋራ፣ ጎማ ሲሞቅ ሽታው ዳቦው ላይ እንደሚያርፍ፣ ታንከሩም ከዳቦ ቤቱ ጣሪያ ላይ እንዳለ ነገረኝ። “ቀለም አልቆባቸው እኮ ነው ግማሹን የተዉት” ብሎ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በዚያን ሰዓት የጓደኛችንን ሰፈር አገኘን ነው ያልነው እንጂ ሌላው ነገር አልመጣልንም። ሁለተኛው ደንብ ትዝ ብሎኝ “አደራህን፣ ሄደህ እንዳታስደነግጣት” ብዬ ሸኘሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግሩፑ ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ሊገናኝ ቀጠሮ ነበረው። ቦታው የቤተ መጻሕፍቱ ትንሿ አዳራሽ ሲሆን፣ እያንዳንዱ አባል አንድ ግጥም ሊያነብ ነው። “እኔ አይመቸኝም፣ የእኔን ሌላ ሰው ያንብብልኝ” ያሉት ጀማሪዋ ብቻ ነበሩ። ፍሬን በዚያው ዕለት ወደ ጎሚስታው ሄዶ ጎማው እስኪጠገን ማዶ ያለውን ቤት ቀና ብሎ ሲያይ፣ መስኮቱ ላይ ነጠላ ለብሰው መነጽር ያደረጉ ትልቅ ሴት አየ። “እማማ፣ ይቅርታ፣ ጀማሪዋ የምትባል…” ብሎ ቃሉ ጠፋበት። እሳቸውም “አንተ ፍሬን ነህ አይደል? መሀል ላይ ስታቆም አወቅሁህ” አሉት። ለምን እንደማይመጡ ሲጠይቃቸው፣ ቁልፉ ልጃቸው ጋ እንደሆነ፣ ልጃቸውም ከመድኃኒት ቤት ሥራው የሚመለሰው ማታ እንደሆነ ነገሩት። ፍሬን ለእኔ ደወለ። እኔ ሰው ቤት መጋረጃ ሰቅዬ እየወጣሁ ስለነበር መጋዙ በቦርሳዬ ነበር። እንዲሁ ይዤው ሄድኩ።

በሩ ብረት ነው። ጓጉንቸሩ ከውጭ ተንጠልጥሏል። ይኼ ሁሉ ወር “በዛብን፣ ሰለቸን” ያልኩት ጓጉንቸር ይኸው ፊቴ ነው። ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ አለቀስኩ። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ እንደማያስፈልግ ነግረውኛል፤ እኔ ግን ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

በሩን ከመንካታችን በፊት “እማማ፣ ለልጅዎ ልደውልለት?” ብዬ ጠይቄያለሁ። እሳቸውም “ሥራውን ጥሎ ይመጣና አይሆንም ይለኛል። ልጄን በሰው ፊት ማሳጣት አልፈልግም። ቁረጡት፣ ስመለስ አዲስ እገዛለታለሁ” አሉ። “ቁረጡት” የሚለውን ሁለታችንም በጆሯችን ሰምተናል። እኔ ያዝኩ፣ ፍሬን ቆረጠ። እሳቸው ከመውጣታቸው በፊት ምድጃው መጥፋቱን አይተው፣ የሚሄዱበትን ቦታ ለልጃቸው በወረቀት ጽፈው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ነው የወጡት። ልጃቸው ከወትሮው ቀድሞ ተመልሶ፣ የተቆረጠውን ጓጉንቸር አይቶ ወደ ፖሊስ ጮኸ፤ ፖሊስ እኛን ያገኘው በዚያችው ወረቀት ነው።

አዳራሹ ውስጥ “ጀማሪዋ እኚህ ናቸው” ስንላቸው ጋሼ ነጥብ የያዙትን ወረቀት ፊታቸው ላይ ጋረዱ። እናትየው ግን “ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ” ብለው ጨበጧቸው፤ ሳቃችንን መያዝ አቃተን። ተራቸው ሲደርስ ወረቀት አልያዙም። የመስኮቱን ግጥም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃላቸው አሉት። በየመሀሉም “ይቺን ቃል የሰጠችኝ መርፌ ናት፣ እዚህ ጋ ሁለት ስንኝ ያስጣሉኝ ጋሼ ናቸው” እያሉ የረዳቸውን ሁሉ በየስሙ ጠሩ። እኔ የሰጠኋቸውን ቃል እኔ ረስቼው ነበር።

ልጃቸው የመድኃኒት ቤት ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ፣ እያለከለከ፣ ከሁለት ፖሊሶች ጋር በሩ ላይ የቆመው በዚህ መሀል ነው። እናቱ አዩት። አላቋረጡም። ጨርሰው፣ ሰው አጨብጭቦ ሲያበቃ በጣታቸው አሳዩንና “ይኼ ልጄ ነው፤ ደህና ልጅ ነው፣ ለእሱም አጨብጭቡለት” አሉን። እኛም ነገሩ ሳይገባን ለከሳሻችን አጨበጨብንለት። ከዚያ ፍሬን ተያዘ።

መርማሪው “ምናብ ነው ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ ወይስ አይደለሽም?” ብለው ልጅየው ከእናቱ ስልክ ገልብጦ ያቀረበውን ወረቀት አሳይተውኛል። እኔ ነኝ፤ አበቦቹም የእኔ ናቸው። ምናብ ያልኩት ግን ዳቦውን ቀምሼ ስላላወቅሁ ነው። ያን ምስጋናዬን ዛሬ በዚህ ቃሌ አንስቻለሁ። መርማሪው ከተጠራጠሩ ሄደው አንድ ዳቦ ይግዙና ያሽትቱት። የሚታያቸውን ነገር አንድ ሹፌር ቤታቸውን እስኪያገኝ ድረስ አጥርተው የጻፉ ሰው፣ የየአንዳንዳችንን እርማት ለየብቻ የሚያስታውሱ ሰው፣ “ቁረጡት” ሲሉ ያሉትን አያውቁም ማለት ለእኔ ግፍ ነው።

ልጅየው አንድ ቀን ምድጃ ለኩሰው መርሳታቸውን፣ ሌላ ቀን ደግሞ በስህተት አውቶቡስ ተሳፍረው ቀኑን ሙሉ መንከራተታቸውን ተናግሯል። ውሸት ነው አልልም። እኔም ካውያ ረስቼ የሰው መጋረጃ አቃጥያለሁ፤ ማንም አልቆለፈብኝም። ደግሞስ እሳት ፈርቶ በሩን ከውጭ ከቆለፈ፣ እሳቱ ቢነሳ በየት ይወጣሉ? ይህን ሳስብ ንድድ ነው የምለው።

የመጨረሻው የምናገረው ዛሬ ጠዋት የሆነውን ነው። ለመጠራት ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ስጠብቅ ልጅየው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ላኮርፈው ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን አንጀቴ አልቻለም። እንቅልፍ ካየ ሰንብቷል። “ከግጥሞቿ ሥር የጻፋችሁትን ነው ያነበብኩት፤ የእሷን አላየሁትም። ያሳዩኝ” አለኝ። ስልኬን ከፍቼ ሰጠሁት። እያነበበ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ስንኙ ይህ ነው፦

ይቆልፍብኛል ሁለቴ ነቅንቆ፣
ከዚያ ቆም ይልና ይሄዳል ተጨንቆ።

“ቆም እንደምል በምን አወቀች?” አለኝ። “ከበሩ ጀርባ ቆመው ነዋ” አልኩት። በዚህች ስንኝ ላይ የነበረውንም ጭቅጭቅ ነገርኩት። “ሰው ቆልፎ እየሄደ ይጨነቃል እንዴ? አያሳምንም” ብለን ግሩፑ በሙሉ ተነስተንባቸው ነበር። እኔ “ተጨንቆ” ወጥቶ “ተሳልቆ” ይግባ ብያለሁ፤ ጋሼ ነጥብም ደግፈውኛል። ሁሉን “እሺ” የሚሉት ሴት ያኔ ብቻ እምቢ አሉ። “ሌላውን እንዳላችሁ፤ ይቺን ቃል ግን አትንኩብኝ” ነው ያሉን።

ልጅየው ስልኩን መለሰልኝና ከቦርሳው ገና ከማሸጊያው ያልወጣ አዲስ ጓጉንቸር አወጣ። ሲመጣ መንገድ ላይ የገዛው ነው። እጁ ላይ ሲያገላብጠው ቆይቶ “እትዬ፣ እርስዎ የብረታ ብረት ሱቆቹን ያውቃሉ። ከውስጥ ብቻ የሚዘጋ ነገር ይገኛል?” ብሎ ጠየቀኝ። መቀርቀሪያ እንደሚባል፣ ከእኔ ሱቅ ጎን ካለው የብረታ ብረት ነጋዴ እንደሚገኝ፣ ራሴ መጥቼ እንደምገጥምላቸው ነገርኩት። ከዚያ ተነስቶ የጣቢያውን ኃላፊ ቢሮ አንኳኳ። ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም። እኔ ለቃል ስጠራ ወጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሹፌሩ እስኪፈታ ከዚህ ግቢ እንደማይወጣም ነግሮኛል።

ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስፈራራኝና ማንም ሳይደልለኝ ነው። መርማሪው አንብበውልኛል፤ አረፍተ ነገሮቻቸው ረዝመውብኛል፣ እውነቱ ግን ከአፌ እንደወጣ አለ። ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።

የምስክር ፊርማ ____________

የመርማሪ ፊርማ ____________