በጳጉሜ ያለቁት ዶሮዎች

«ጋሼ ሽኩር፣ በትክክል ላላስታውሰው እችላለሁ፤ ግን አምና በዚህ ሰሞን ዝናቡ ቆሞ አልነበር…?» አለ ብሥራት ሻዩን እያማሰለ።

ብሥራት አንድን ቃል ሁለቴ ሳይመዝን የሚናገር ልጅ አልነበረም። ዛሬ ግን ሳቅ ሆዱን ይኮረኩረዋል። ከጀርባው፣ አንድ ጠረጴዛ አልፎ፣ የዶሮ ፈንጣጣውን ጥናት የመራው ሰው ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀምጧል። በዚያ ጥናት መነሻነት ዶሮ ተራ ለሁለት ወር ይዘጋ አይዘጋ ነገ ጠዋት ይወሰናል፤ የብሥራት እናት ደግሞ እዚያው ዶሮ እየሸጠች ነው ያስተማረችው። ብሥራት የጥናቱን ስሕተት ቢሮው ድረስ ሄዶ ፊት ለፊት ነግሮት ነበር። «አንተ የዶሮ እግር ላይ ቀለበት አሳሪ ነህ፣ ሒሳቡን ተወው» ተብሎ ተመለሰ። ስለዚህ ዛሬ የሚያወራው ለሻይ ቤቱ ባለቤት ነው፤ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ።

«ዝናብ ሲበዛ ቢምቢ ይበዛል መቼም። ስለ ቢምቢና ስለ ዶሮ ፈንጣጣ የተጠናውን ሰምተዋል? እንዴት ያሉ ሰው መሰሉዎት… ስማቸውን አልጠራም፣ ስም ያሳንሳቸዋል። ቢምቢ አንዷን ዶሮ ነክሳ በሽታውን ለሌላዋ ታሻግራለች፤ ይኼ እውነት ነው፣ አልክድም። እሳቸው ግን አንዲት ቢምቢ ሳትነካቸው፣ ጫማቸውም ኩስ ሳይረግጥ፣ የትኛዋ ዶሮ መቼ እንደምትሞት ያውቃሉ። ነቢይ ቢባሉ ይበዛባቸዋል?

«ሞዴል ይሉታል። አራት ክፍል ያለው ቤት ይበሉት። ጤነኛዋ አንዱ ክፍል ትገባለች፣ የታመመችው አንዱ፣ የዳነችው አንዱ፣ የሞተችው አንዱ። እኔ እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት አስራለሁ። በየሳምንቱ ስንዞር ያላገኘናት ዶሮ ወደ አራተኛው ክፍል ትገባለች… የት ትሂድ ታዲያ? ዶሮ ተራ የገባች ዶሮ ከሞት በቀር ምን ያገኛታል? ተሸጣ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር አለ? እኔ እንጃ፣ ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ሽኩር በያዙት ፎጣ አፋቸውን ከለል አደረጉ። ከኋላ የላፕቶፑ ቁልፎች መንኳኳት አቆሙ። ብሥራት ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ ሻዩን ፉት ብሎ ሳቁን ዋጠው።

«ከዚያማ ጳጉሜ ላይ እልቂት ሆነ። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ተራው ባዶውን ቀረ፣ በላፕቶፓቸው ላይ የሟቾቹ ቁጥር መስመር እንጦጦን አክሎ ወጣ። ቢምቢዋ በዓል ታውቃለች፣ ጋሼ ሽኩር። ለዋዜማ ተነሥታ በማግሥቱ ታርፋለች… ጾምም ሳትይዝ አትቀርም። ‹የተማረ ይግደለኝ› የሚለውን ዶሮዎቹም ሰምተው ነው መሰለኝ፣ አንዲት እንኳ አቤት ሳትል አለቁ። ሬሳማ የለም። ሬሳ መጠየቅ ነውር ነው፣ እሳቸው ደግሞ ጨዋ ናቸው። አባቶች ዝንብ ቢሰበሰብ መሶብ አይከፍትም ብለዋል… ቢምቢ ግን ሳትሰበሰብም ተራ ትዘጋለች።

«ነገ ተራው ይዘጋ ከተባለ እናቴ የት ትሸጣለች ብዬ ተጨንቄ ነበር፤ ተውኩት። ቤቱ ላይ አምስተኛ ክፍል ቀጥሎ፣ በሩ ላይ ‹ተሸጣለች› ብሎ መጻፍ ለእንዲህ ያሉ ሰው ምን ይከብዳል? የአንድ ማታ ሥራ ነው። ግን እኮ ትልቅ ሰው ስሕተቱን ካረመ ትልቅነቱ በምን ይለያል…?»

የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠና ተነሣ። ዞር ብሎ አላየም።

«እንግዲህ ሳልመርቅ አልሄድም። አንድ ነገር ኋላ አጣርቻለሁ። በዋዜማው ከሁሉ መጀመሪያ ሞተች የተባለችውን ቀይ ዶሮ ከእናቴ የገዟት የእኚሁ የጥናቱ ሰው ባለቤት እናት ናቸው። የሰው ንብረት አይቅርብኝ ብለው ቀለበቷን እንኳ ለእናቴ መልሰውላታል። በሽታ የጨረሳትን ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አውጥተው፣ ለተማረ አማቻቸው ፈረሰኛውን የሚያጎርሱ እናት ዛሬ ከየት ይገኛሉ? እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለአማችየውም፣ የበሉት በክት ይስማማቸው፤ ነገ ስብሰባው ፊት ሲቆሙ ጉሮሯቸውን ይክፈትላቸው።»