የደንበኛ ወገብ ምስጢር ነው

ልብስ ሰፊው ሰዓት ስንት ነው ሲሉት እንኳ «ለምን ፈለግከው?» ነው መልሱ። መስታወት ፊት ሲቆም «አንተን ደግሞ ማን ላከህ?» ይላል እየተባለ ይታማል፤ ሐሜቱም ብዙ አልተሳሳተም።

አንድ ቀን የእህቱ ልጅ ደረጃ ላይ አገኘችው። ክንዱ ላይ ደንበኛ የመለሰው ሱሪ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ እግር ከሌላው ያጥራል። ዓይኑ ደክሞ የሜትሩ ቁጥር ከጠፋበት ወዲህ የሚመለስ ልብስ በዝቷል። እንዲህ ከቀጠለ ሱቁን መዝጋቱ ነው።

«ጋሼ፣ በስልክ ካሜራ ሰው የሚለካ መተግበሪያ ልሥራልዎት» አለችው፤ ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው። «መለኪያውን ከባዶ አልፈጥረውም። አንድ ኩባንያ ያዘጋጀው ኤስዲኬ አለ።»

«ምንድነው እሱ?»

«እርስዎ ዚፕ ከብረት ቀጥቅጠው ያውቃሉ?»

«አብጃለሁ እንዴ?»

«የተሠራውን ነው የሚሰፉት። እንግዲህ ዚፕ ሠሪው ዚፑን፣ ለሱ የሚሆን የስፌት መኪና እግርና የአሰፋፍ መመሪያ በአንድ ሳጥን ሰጠዎት ይበሉ። ኤስዲኬ የፕሮግራም ሠሪ ሳጥን ነው። ልብሱን የምሰፋው ግን እኔ ነኝ።»

«ዋጋውስ?»

«በነፃ ነው።»

ልብስ ሰፊው ቆመ። «በነፃ» ሲባል የሌባ ኮቴ ነው የሚሰማው።

«የዳኛውን ዝቅ ያለ ትከሻ በጥጥ ሞልቼ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ አገሩ ሁሉ ቀጥ ያለ ሰው ነው ይላል። ይሄ ከእኔ ጋር ነው የሚቀበረው። የሳጥኑ ባለቤት ያንን አይቶ ዝም ይላል? ለመሆኑ ሳጥኑን እስከ ታች ፈትሸሽዋል?»

ልጅቱ አልፈተሸችም። ሱቁ ገብታ መመሪያውን ስታነብ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። ካልከለከልነው የሚለካውን ሰው ምስል ለኩባንያው ይልካል። መዝጊያ ግን አለው፤ ይኸው ዘጋሁት።»

«በወሬ አላምንም። ኢንተርኔቱን አጥፊና እኔን ለኪኝ።»

አጥፍታ፣ ከሳጥኑ ጋር በመጣው መሞከሪያ ለካችው። የወገቡ ቁጥር በትልቁ ወጣ፤ ያለ መነጽር አነበበውና ቅር አለው። «መልሰሽ ስትከፍችውስ?» አለ። ከስልኩ የሚወጣውን ሁሉ የሚያሳይ ሌላ ፕሮግራም ከፈተችና ኢንተርኔቱን መለሰችው። አጎንብሰው ጠበቁ። ምንም አልወጣም።

መጠርጠር ነውር የለውም፤ ነውሩ ጠርጥሮ ሳይመረምሩ መቅረት ነው። ልብስ ሰፊው ደግሞ መረመረ።

«በይ ሥሪው» አለ። «ሌላው የደከመበትን መለኪያ አንቺ እንደገና አትድከሚበት፤ ጊዜሽን ለቀረው ሥራ አድርጊው። እኔም የቀረችኝን ዓይን ለስፌቱ አተርፋታለሁ። ታዲያ ኩባንያው ሳጥኑን ባደሰ ቁጥር መጀመሪያ እኔን እንደዛሬው ትለኪኛለሽ።»

«ለምን እርስዎን?»

«የኔ ወገብ ቢወራ የማፍረው እኔ ብቻ ነኛ።»