እትዬ ዘሀራ ገበያ የገቡበት መጓጓዣ

ልዋሽ ብል እንኳ ይህን የሚያህል ከየት አመጣለሁ? ጣሊያን ሸዋ ሮቢትን በያዘ ጊዜ፣ እግራቸው አብጦ አልታዘዝ ያላቸው ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ በአህያቸው ሆነው ገበያ ደረሱ። መድኃኒት አዋቂው ጨውና ቅቤ ከልክሏቸው፣ «ንጹሕ ማሾና ጎመን ካልበሉ እብጠቱ ልብዎ ይደርሳል» ብሏቸዋል። የጣሊያን ዘበኛ ግን፣ «አህያ አይገባም! ትእዛዝ ነው!» ብሎ ጠመንጃውን ገተረ።

«እኔ ልግዛልዎት» ብላቸው፣ «አንተ? ባለፈው ማሾ ስልህ ግማሹን ጠጠር ያመጣህልኝ! ጥርሴ ያልሞከረውን አልበላም» አሉኝና ወደ ዘበኛው ዞሩ።

«ልጄ፣ ትእዛዙ ሰው አይግባ ይላል?»

«ኧረ አይልም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ጎንበስ በል።»

ጎንበስ አለላችሁ! ጠመንጃውን እኔ ያዝኩለት፤ ወላሂ፣ ያን ቀን ጣሊያንን ከይፋት ላባርር ትንሽ ነበር የቀረኝ። እሳቸው ጀርባው ላይ ተደላድለው ማሾውን በጥርሳቸው እየሰበሩ፣ «ይሄ ነቅዟል፣ ወደዚያኛው!» እያሉ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። ላቡ የሮቢን ወንዝ ሞላው። ሴት ማለት እሳቸው!

በሚቀጥለው ገበያ ገና ከሩቅ ብቅ ስንል፣ ያው ዘበኛ ሕዝቡን በሰደፍ እየገፋ ይጮሃል፦ «መንገድ ልቀቁ! አህያዋ ትግባ!»