ስልሳ ስኮር

ለፊልም የሚደረሰውን ሙዚቃ ፈረንጆቹ «ስኮር» ይሉታል። ይህን ለጎረቤታችን ለጋሽ ደምሴ አስቀድሜ ባስረዳቸው ኖሮ እንዲያ ባላፈርኩ ነበር። አንድ የሆሊውድ ሙዚቃ ደራሲ ስለ ሥራው ሊያወራ ሲልቨር ስፕሪንግ መጣ፤ መኪና ስለሌለኝ ከምንኖርበት ከአሌክሳንድሪያ በመኪናቸው ራይድ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ቤት ቁጭ ብዬ የሠራሁትን ሙዚቃ በሲዲ ይዤለታለሁ፤ እንዲሰማልኝ።

ንግግሩ አልቆ ሰውዬውን የማነጋገር ተራዬ ሲደርስ ግን ሲዲውን መስጠት ትቼ ዋሽንት ለሐዘን ትዕይንት ለምን እንደሚስማማ ማስረዳት ጀመርኩ! ሰዓቱን አየ። አለቀልኝ ስል፣ ፓርኪንግ ሲፈልጉ የቆዩት ጋሽ ደምሴ ደርሰው በእንግሊዝኛ ጣልቃ ገቡ። «ስንት ስኮር አለህ?»

«ስልሳ ገደማ» አለ።

«ስልሳ! የት ቦታ ነህ?»

«እኔማ ሁልጊዜ ከኋላ ነኝ። የሚጨበጨብላቸው ከፊት ያሉት ናቸው።»

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ «ሰማህ አንተ? ተከላካይ ሆኖ ስልሳ ጎል!» አሉኝ።

ሰውዬው ምን እንዳሉ ጠየቀኝ፤ እየተሽኮረመምኩ ተረጎምኩለት። እስኪያስለው ሳቀ። «ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያሞገሰኝ የለም» ብሎ ሲዲዬን ከእጄ ወሰደ፤ እንደሚሰማውም ቃል ገባልኝ።

ስንመለስ ጋሽ ደምሴ መሪውን እንደያዙ «ታዲያ፣ ፈረምክ?» አሉኝ። ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት።

«ገና ነው ጋሼ፤ ለሙከራ ነው የወሰደኝ።»