የአዴ ዘምዘም ምራቂ

ሱቄን በገዛ እጄ በነጻ ከማደል ለጥቂት ነው የተረፍኩት! እናቴ ሄርማታ ገበያ የምትሸጠውን ቅመም እኔ ኦንላይን እሸጣለሁ። ደንበኛ በገዛ ቁጥር ነጥብ ይጠራቀምለት ብዬ፣ ለአንድ ብር አንድ ነጥብ አደረግኩ። ቀጥሎ ሲስተሙ «አንድ ነጥብ ስንት ብር ያወጣል?» ሲለኝ ሳላስብ «አንድ» ብዬ ሞላሁት። ለካ የሺህ ብር የገዛ ሁሉ ሌላ የሺህ ብር ዕቃ በነጻ ሊወስድ ነው! የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ቶሎ ዘጋሁትና ብዙ ነጥብ ያለው ማን እንደሆነ አየሁ፤ አዴ ዘምዘም ናቸው። አጋሮ ከተማ ሻይ ቤት ያላቸው ትልቅ ሴት፣ የእናቴ የድሮ ደንበኛ። አሁን በነጥቤ አምጪ ቢሉኝ ምን ይውጠኛል? እየፈራሁ ደወልኩላቸው።

«አዴ፣ ያ ነጥብ... ተሳስቼ ነው።»

«አውቄያለሁ እኮ!» አሉ እየሳቁ። «ምራቂ ከተሰፈረው እኩል ሲሆን የት አይተሽ ታውቂያለሽ? ልጅቷ ተሳስታለች፣ ነጥቡን እንዳትነኩት ብዬ ካንቺ ለሚገዙ ጎረቤቶቼም ነግሬያለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። «ታዲያ ስንት ላድርገው አዴ?»

«በየግዢው አንድ እፍኝ ኮረሪማ ጣል አድርጊልን፣ ይበቃናል።»

«እሺ፣ አሁኑኑ አስተካክላለሁ።» ስልኩን ልዘጋ ስል አስቆሙኝ።

«ቆይ ልጄ፣ የምትዘግነው ግን እናትሽ ትሁን። ያንቺ እጅ ትንሽ ነው።»