ከኦሽ ወደ ባዮን በፓንያ መንገድ

በእኛ ጊዜ እኮ የሴት አባት ከቤቱ አይነቃነቅም። ሽማግሌ ተልኮ ደጁ ላይ ይቆማል፣ ‹‹ቁጭ በሉ›› ሲባል ‹‹ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም›› ይላል፣ አባትየው ደግሞ ኮራ ብሎ ‹‹እስቲ ላስብበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ›› ይላል፣ እንዲህ ነበር። እኔም ያን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት። በኬንያ በኩል ሞያሌ ስገባ ከለበስኩት ሸሚዝ በቀር ምንም አልነበረኝም፤ ከቦሪና ከኦቦ መንደሮች ፍየል እየገዛሁ ሸጥኩ፣ ከፍየል ወደ በሬ አለፍኩ፣ ከበሬ ይሄ የተቀመጣችሁበት ሆቴል ወጣ። እና ሰብለ አንድ ልጄ ናት። ያለኝን ሁሉ ስቆጥር እሷን ሁለት ጊዜ ነው የምቆጥራት።

ታዲያ ነርስ ሆና ፈረንሳይ ሄደች፣ እዚያው ሥራ ያዘች። ሞባይል እዚህ በገባበት ሰሞን ነው፣ አንድ ቀን ደወለችና ‹‹አባዬ፣ ላገባ ነው›› አለችኝ።

‹‹ሽማግሌው መቼ ይመጣል?›› አልኳት።

ሳቀች። ‹‹አባዬ፣ እዚህ ሽማግሌ የሚባል ነገር የለም። አንተ ና እንጂ።››

ሄድኩ። ምን ላድርግ? አውሮፕላኑ ቱሉዝ የምትባል ከተማ አወረደኝ፣ እሷና እጮኛዋ መኪና ይዘው ጠበቁኝ። ልጁ ዡልየን ይባላል፣ ረጅም፣ ዓይነ አፋር ልጅ ነው። ሠርጉ ቅዳሜ ነው፣ እነሱ በሚኖሩበት ባዮን፣ ከባሕሩ አጠገብ፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ። እስከዚያ አገር እናሳይህ አሉኝ፣ አሳዩኝ። አልቢ ሄድን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከጡብ ተሠርቶ እንደ ምሽግ ቆሟል። ካሆር ሄድን፣ ወንዙ ላይ ሦስት ማማ ያለው ድልድይ አለ፣ እኔ ወዲያው ‹‹ይሄማ ኬላ ነው›› አልኩ። አዠን ሄድን፣ የደረቀ ፍሬ አበሉኝ። እና በየከተማው አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቀው፦ ‹‹የልጁ አባት የት ነው?››

‹‹ሩቅ ነው አባዬ።››

አልቢም ሩቅ፣ ካሆርም ሩቅ። ይሄ ሰው ስንሄድ እየሸሸ ነው እንዴ?

ታዲያ ኦሽ የምትባል ከተማ ደረስን። ከዚያ ወዲያ የቀረን የመጨረሻው መንገድ ነው፤ ታርብ፣ ፖ፣ ባዮን፣ በቃ። ምሳ በልተን ስንጨርስ ዡልየን ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና በጣቱ እያሳየ ተናገረ፣ ሰብለም ተረጎመችልኝ፦ ‹‹ነገ ወደ ቱሉዝ እንመለስና ከዚያ በትልቁ መንገድ ወደ ታርብ እንሄዳለን።››

‹‹ቱሉዝማ የመጣንበት አይደለም እንዴ?›› አልኩ። ‹‹ይሄ ከዚህ ቀጥ ብሎ ታርብ የሚገባውስ?››

‹‹እሱ ጠባብ ነው አባዬ፣ ጠመዝማዛ ነው።››

‹‹ከማርሳቢት መንገድ ይብሳል?››

ካርታውን ልታጥፈው እጇን ሰደደች።

እናንተ የሞያሌ ሰዎች ናችሁ፣ ፓንያ የምንለውን መንገድ ታውቁታላችሁ። በስዋሂሊ አይጥ ማለት ነው አይደል? ሸቀጥ የያዘ ሰው ኬላ ሸሽቶ በቁጥቋጦው እንደ አይጥ የሚዞርበት መንገድ። ሰው ቅርቡን ትቶ ሩቁን ከያዘ መሃል ላይ የሚፈራው ነገር አለ። ስንቱን ሹፌር በዚህ ይዤዋለሁ! እና የገዛ ልጄ በፓንያ ልታዞረኝ! ጣቴን ቀጥተኛው መንገድ ላይ አሳረፍኩና ‹‹ሰብለ፣ እዚህ ጋ ያለው ኬላ የማን ነው?›› አልኳት።

ልጁ አማርኛ አይሰማም፣ ግን ጣቴን ሲያይ ፊቱ በርበሬ መሰለ። እሷ እንባዋ መጣ።

‹‹የዡልየን አባት ነው›› አለች።

ለካ ሰውዬው እዚያ መንገድ ዳር የሚኖር ከብት አርቢ ነው። ሚስቱ ሞታለች፣ ዡልየንም አንድ ልጁ ነው፣ እና ልጁ ከብቱን ትቶ ኮምፒውተር ልማር ሲለው ‹‹ከወጣህ አትመለስ›› አለው፣ እሱም ወጣ፣ አልተመለሰም። ለሠርጉ ቢጠሩት መልስ የለም።

‹‹ያዋርድሃል ብዬ ፈራሁ›› አለችኝ ልጄ።

እስቲ አስቡት። አባት ያለው ሰው አባት እንደሌለው ብቻውን ቆሞ ልጄን ሊወስድ! ሞያሌ ተመልሼ ‹‹አማቾችህ እነማን ናቸው?›› ስባል ‹‹በትልቁ መንገድ ዞርናቸው›› ልበል? ግን ደግሞ፣ ስሙኝ፣ እኔ የሴት አባት ነኝ። የወንድ አባት ደጅ ቆሜ ‹‹እባክህ ለሠርጉ ና›› አልልም። ብሞት አልልም!

ካርታውን አጠፍኩት። ‹‹ነገ በቀጥታው ነው የምንሄደው።››

‹‹አባዬ፣ ምን ልትለው ነው?››

‹‹እኔ ነጋዴ ነኝ። ከብት አለው አይደል?››

በማግስቱ ደረስን። ከብቶቹ ነጫጭ ናቸው! የቦረና ከብት ነው የሚመስሉት፣ ሻኛ ብቻ የላቸውም። ልቤ ወዲያው ተረጋጋ። ሙሴው ከበረቱ ወጣ፤ ስሙ ምላሴ ላይ አልዞር ስላለኝ፣ በእነሱ አፍ ‹አቶ› እንደማለት፣ ሙሴ ነው የምለው፤ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቦቲ ጫማ ያደረገ። ልጁን አየው፣ ልጁም አየው። ከዚያ ወደ እኔ አገጩን እንዲህ አንስቶ ‹‹ይሄስ ምን ፈልጎ ነው?›› አለ።

‹‹በሬ ልገዛ ነው የመጣሁት በይው›› አልኳት ሰብለን።

‹‹አባዬ!››

‹‹በይው አልኩሽ!››

ነገረችው፣ ከየት እንደመጣሁም ጨመረችለት። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ‹‹ከኬንያ ድረስ በሬ ሊገዛ?››

‹‹የእዚያው አልጣመኝም በይው።››

በረቱ ውስጥ ገባሁ፣ አንዱን ወይፈን መረጥኩ፣ ጀርባውን ዳበስኩት፣ ጥርሱን አየሁ። ሙሴው ራሱን ነቀነቀ፦ ‹‹እሱ አይሸጥም።››

‹‹ጥሩ። የማይሸጠውን ነው የምፈልገው።››

ከዚያ ኮቴን አወለቅሁ፣ በእጁና በእጄ ላይ ጣል አደረግሁት። እዚህ ገበያ እንደምታደርጉት፣ ዋጋ በአፍ ሳይጠራ በጨርቅ ሥር፣ በጣት። ሙሴው መጀመሪያ እጁን ሊነጥቀኝ አለ። አንድ ጣቱን ጨበጥኩ፣ ቆም አለ። ሰብለ ‹‹እሱ ማለት እኮ…›› ብላ ልታስረዳው ስትል ‹‹አንቺ ዝም በይ፣ ይሄ የሁለት ሰው ነው›› አልኳት። እና ሰውዬው፣ በማርያም፣ ራሱ ጣት ጨመረ! ጨመረ እኮ! እኔ ቀነስኩ፣ እሱ ጨመረ፣ እኔ ቀነስኩ፣ እሱ ጣቴን ሲጨምቃት አጥንቴ ጮኸ፣ አልለቀቅሁም። በመጨረሻ ሳቅ አመለጠው። እጁን ከኮቱ ሥር አወጣና መዳፌን ጧ! እነሱም ዋጋ ሲቆርጡ መዳፍ ይማታሉ ለካ! ስንት ነው የተስማማነው? አላውቅም፣ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። በዕድሜዬ ዋጋውን ሳልቆጥር የገዛሁት ያን ወይፈን ብቻ ነው።

‹‹አሁን ንገሪው›› አልኳት። ‹‹ርክክቡ ቅዳሜ ባዮን ነው፣ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ። በእኛ ደንብ ከብቱን የሚያደርሰው ሻጩ ራሱ ነው። ሰው ከላከ ውል ፈረሰ።››

ተረጎመችለት። ሙሴው ያኔ ገባው። ልጁን አየው፣ ብዙ አየው።

‹‹በስንት ሰዓት?›› አለ።

እና ለልጁ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ ኖሮ መጀመሪያ የተናገረው ምን ነበር? ‹‹በሩን ዝጋው፣ ከብቶቹ ይወጣሉ።›› ዡልየን ሮጦ ዘጋው። እየሮጠ ያለቅስ ነበር።

ቅዳሜ ባዮን፣ ሰው ተሰብስቧል፣ መኪና ከች አለ፣ ከኋላው ወይፈኑ ቆሟል። ፖሊሱ ሮጦ መጣ፦ ‹‹ይሄ እዚህ አይቆምም! ውሰዱት!›› ሙሴው ከረባቱን እያስተካከለ ወረደ፦ ‹‹የሙሽራዋ አባት በሬ ነው፣ እሱን አነጋግረው!›› ብሎ ፖሊሱን ለእኔ ትቶ ገባና ልጁ ጎን ቆመ። እውነት እላችኋለሁ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ‹‹ትስማማለህ ወይ?›› ብሎ ዡልየንን ሲጠይቀው ወይፈኑ ከውጭ ቀድሞ ‹‹እምቧ!›› አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፣ ሙሴውም እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን። ባዶ ሊቀር የነበረውን የልጁን አባት ወንበር የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም!

‹‹ታዲያ ጋሼ፣ ወይፈኑ ታረደ?›› አለች ጎረቤቱ ሐሊማ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ።

‹‹ከተማ መሃል? እዚያ አገር? ማን ይፈቅድልሻል? ከሙሴው ጋር ተመልሶ ወደ በረቱ ሄደ።››

‹‹እንደማይታረድ ሲገዙት አያውቁም ነበር?››

‹‹ይሄን ሳላውቅ ነው የነገድኩት?››

‹‹እንግዲያው እውነቱን እንነጋገር ጋሼ። የሴት አባት ሆነው የወንድ አባት ደጅ ሄደው ለምነዋል።››

‹‹ማን? እኔ? አንቺ ሴትዮ፣ ስትሰሚ አልነበረም እንዴ? እኔ በሬ ልገዛ ነው የሄድኩት!››