የተደበቀችው አራስ

ከቦዲቲ ወደ ሶዶ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት አያት አጠገባቸው ላለችው ወጣት ያወራሉ።

"ምራቴ በወለደች በሦስተኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽኗ መጣች። የሰው ዓይን ፈርቼ 'እናቷ ቤት ሄዳለች' አልኳት።"

"አራሷን ደበቋት?"

"ጓዳ አስገብቼ! ወዲያው ልጁ አለቀሰ።"

"ወይ ጉድ! ምን አሏት ታዲያ?"

"'ድመት ነው' አልኳት።"

"አመነችዎት?"

"ሚዛኗን አወጣችና 'እንግዲያው ድመቱን ልመዝነው' ብላ ገባች። ልጁ እንደ እሳት ይፋጃል፤ እትብቱ አመርቅዟል።"

"ውይ!"

"በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰችን። አምስት ቀን ተኝቶ፣ ተመስገን፣ ዳነ።"

"አሁንስ ስትመጣ?"

"አሁንማ አንድ ቀን ከዘገየች ቤቷ ድረስ ሄጄ ከአልጋዋ አስነሳታለሁ።"

የምወርድበት ካለፈ ቆይቶ ነበር፤ እኔ ግን "ወራጅ አለ" ማለት አላሰኘኝም።